ኦልድ ታውን አሌክሳንድሪያን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ ዋሽንግተንን አሳይቼ ስጨርስ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሬ ወደ አሌክሳንድሪያ አሮጌ ሰፈር፣ ወደ ኦልድ ታውን እወስደዋለሁ። አሌክሳንድሪያ በ1749 የተቆረቆረች የቨርጂኒያ ከተማ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሐበሻ ሞልቶባታል። ትምህርት ቤቶቿ እንኳ ለወላጅ በአማርኛ ወረቀት ይልካሉ። ቤቶቿን ግን ብዙዎቻችን በደጃቸው አለፍን እንጂ አላየናቸውም። እኔም የሚከተሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ ሠርቻቸዋለሁ።

ከኪንግ ስትሪት አለመውጣት

ምግብ ቤቱም ሱቁም እዚያ ስለሆነ ወንዙ ድረስ ወርደን፣ አይስክሬም ልሰን እንመለሳለን። አሮጌዎቹ ቤቶች በብዛት ያሉት ግን ግራና ቀኝ ባሉት ጸጥ ያሉ መንገዶች ላይ ነው። ፕሪንስ ስትሪት ወደ ወንዙ ሲቃረብ መንገዱ በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ታኮ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሞክሩት።

ጠባቧ ቤት ጋ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ

ኩዊን ስትሪት፣ ቁጥር 523። ስፋቷ 7 ጫማ ገደማ ነው፤ ሁለት ሜትር ብቻ። ጆን ሆለንስበሪ የሚባል ሰው በ1830 የሠራት ቤት ናት። እንደሚተረከው ከቤቱ ጎን ባለችው መተላለፊያ ጋሪ ሲመላለስ፣ ሥራ ፈት ሲሰበሰብ መረረውና ፊትና ኋላዋን በጡብ ደፍኖ ጣሪያ አለበሳት። በእልህ የተሠራች ቤት! ጎንና ጎኗ የጎረቤት ቤቶች ግድግዳ ነው። ሳሎኗ ውስጥ የጋሪ መንኮራኩር እየታከከ የቦረቦረው ጡብ እስከ ዛሬ ይታያል ይባላል። ታዲያ የሰው መኖሪያ ናትና በሩን አታንኳኩ፣ በመስኮትም አታጮልቁ።

ግማሽ የሚመስሉትን ቤቶች «ያላለቀ» ማለት

ጣሪያቸው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘቀዘቀ፣ ረጅሙ ግድግዳቸው መስኮት የሌለው ቤቶች ታያላችሁ። ፍላውንደር ይባላሉ። ስሙ የመጣው ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎኑ ከሆኑት ዓሣ ነው። ከፊት ሆናችሁ አይገባችሁም፤ ዞር ብላችሁ ጎናቸውን እዩ።

አሮጌ የመሰለውን ሁሉ አሮጌ ነው ማለት

ከ1946 ጀምሮ ሰፈሩ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከመንገድ የሚታይ ነገር ለመለወጥ የከተማዋን ቦርድ ማስፈቀድ ግድ ነው። ስለዚህ አዲሱም አሮጌውን ይመስላል። ጋድስቢ ታቨርን በሚባለው የጥንት መጠጥ ቤት ውስጥ ጆርጅ ዋሽንግተን ልደቱ የተከበረበት የዳንስ አዳራሽ አለ። የአዳራሹ የእንጨት ሥራ ግን በ1917 ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተሽጧል፤ አሁን የምታዩት በአምሳሉ የተሠራ ነው። የካርላይል ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስኮትላንዳዊው ነጋዴ ጆን ካርላይል በ1753 ያሠራው የድንጋይ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ከሆቴል ጀርባ ተደብቆ ኖሯል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አያየውም ነበር። ሆቴሉ ሲፈርስ ብቅ አለ።

ዱክ ስትሪት 1315ን መዝለል

ከሌሎቹ ራቅ ስለሚል ብዙ ሰው አይደርስበትም። ከፊት ሲታይ እንደማንኛውም ባለ ሦስት ደርብ የጡብ ቤት ነው። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ የባሪያ ነጋዴዎች ከ1828 እስከ 1836 ቢሮ ያደረጉት እዚህ ነበር። በስተኋላው በከፍተኛ አጥር የተከበበ ግቢ ነበር፤ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ ይታጎሩበት ነበር። ከዚያ በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይላኩ ነበር። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው።

ባለፈው አክስቴን ወስጃት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሆና «ውይ፣ ደልደል ያለ ቤት!» አለች። ጎብኝተን ስንወጣ «በይ አሁን ቡና እንጠጣ» አልኳት።

«ይቆየኝ» አለችኝ።