ቀለበቷ የጠፋባት «ቤ»

ለአንድ የሳይክል ፍሬም የስም ስቲከር ሠርቼ ነበር። ስክሪን ላይ አሪፍ ነው። ታችኛው ቱቦ ላይ ሲለጠፍ ግን ጉድ ፈላ፤ «ቤ» ቀለበቷ ከሥር ተጠቅልሎባት «በ» ሆና ቁጭ አለች። የኛ ፊደል መቼም ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እግሩ ላይ ነው።

ጥፋቱ የኔው ነው። ድቡልቡሉን ቱቦ እንደ ጠፍጣፋ ወረቀት ቆጥሬ ለፊደሉ 60 ሚሊሜትር ቁመት ሰጠሁት። ቱቦውን በወረቀት ጠቅልዬ ስለካው ዙሪያው 126 ሚሊሜትር ሆነ። ከጎን ለሚያይ ሰው የሚታየው ግማሹ፣ 63 ብቻ ነው፤ እሱም ጫፍ ጫፉ ይጨመቃል። ስለዚህ ቁመቱን ወደ 40 አወረድኩት፤ የ«ቤ»ን ቀለበትም ትንሽ አተለቅኩት። መጀመሪያ በተራ ወረቀት አትሜ ለጠፍኩና ሦስት ሜትር ርቄ አየሁት። ይነበባል።

ደንበኛው «አነሰ» ብሎ አጉረምርሞ ነበር። ፍሬሙን ሲያይ ዝም አለ።