ሰዓቱ ሞልቶ ሎግቡኩ ሲጎድል፦ ለተማሪ ፓይለቶች ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ በፓርት 61 (የአብራሪ ፈቃድ ደንብ) ለሚማር ሰው የግል አብራሪ ፈቃድ ዝቅተኛው 40 የበረራ ሰዓት ነው። 60 እና 70 ሰዓት በርሮም ቼክራይድ (የፈቃዱን የበረራ ፈተና) ሊወስድ ሄዶ የሚመለስ ተማሪ አለ። ሰዓቱ አለ፤ ሎግቡኩ (የበረራ መዝገቡ) ላይ የገባው ግን የማይመለከተው አምድ ውስጥ ነው። ፈታኙ ሳያይባችሁ ራሳችሁ ፈትሹት።

ዱዋልና ሶሎ ተደምረው ጠቅላላውን አይሰጡም

ፈቃድ ያላገኘ ተማሪ ወይ ከኢንስትራክተር ጋር ይበራል (ዱዋል)፣ ወይ ብቻውን (ሶሎ)። ሦስተኛ መንገድ የለም። ስለዚህ ሁለቱ አምዶች ከጠቅላላው ጋር ካልገጠሙ የሆነ መስመር ተበላሽቷል። መጀመሪያ ደቂቃውን እዩ። ሎግቡክ የሚጻፈው በአስርዮሽ ነው፤ 0.1 ማለት 6 ደቂቃ። አንድ ሰዓት ተኩል 1.5 እንጂ 1.30 አይደለም። ቀጥሎ የሲሙሌተር ሰዓት ከበረራ ሰዓት ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ፈትሹ፤ እሱ የራሱ አምድ አለው። የሌሊት፣ የክሮስ ካንትሪ (ሌላ ቦታ ሄዶ የማረፍ ጉዞ) እና የኢንስትሩመንት (በመሣሪያ ብቻ የመብረር) አምዶችን ግን አትደምሩ። ያው ሰዓት በድጋሚ የሚጻፍባቸው ናቸው።

የከፈላችሁበት ሰዓት ከሎግቡኩ ይበልጣል

ሆብስና ታኮሜትር የሚባሉት ሁለቱ የአውሮፕላኑ ሰዓት ቆጣሪዎች ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ታኮ የሞተሩን ዙር ተከትሎ ስለሚቆጥር መሬት ላይ ቀስ ይላል። ሕጉ የበረራ ሰዓት የሚለው አውሮፕላኑ ለበረራ በራሱ ኃይል መንቀሳቀስ ከጀመረበት፣ አርፎ እስኪቆም ያለውን ነው። ታክሲ የምታደርጉበት (አውሮፕላኑን መሬት ላይ የምትነዱበት) ጊዜ ይቆጠራል። በታኮ እየጻፋችሁ ከሆነ የራሳችሁን ሰዓት እየጣላችሁ ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት በሆብስ ይሠራል፤ እናንተም እሱን ያዙ።

ፒአይሲ (የአዛዥ አብራሪ) አምድ ውስጥ የዱዋል ሰዓት አለ

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ያለው ጓደኛ ምክር ነው። መሪውን የያዝከው አንተ ከሆንክ ፒአይሲ ጻፍ ይላል። ለእሱ ልክ ነው፣ ለእናንተ አይደለም። ተማሪ ፒአይሲ የሚጽፈው አውሮፕላኑ ውስጥ ብቻውን ሲሆንና ብቻውን እንዲበር ኢንስትራክተሩ የፈረመለት የሶሎ ፊርማ ሲኖረው ነው። ከኢንስትራክተር ጋር የበረራችሁትን ሁሉ ከዚያ አምድ አውጡ።

ክሮስ ካንትሪው አይቆጠርም

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቨርጂኒያ ከማናሳስ ተነስታችሁ ዊንቸስተር አርፋችሁ ተመለሳችሁ እንበል። መንገድ አቅዳችኋል፣ ሌላ ኤርፖርት አርፋችኋል። ለግል ፈቃድ ግን ማረፊያው ከመነሻችሁ በቀጥታ መስመር ከ50 ኖቲካል ማይል (የባሕርና የአየር ማይል) በላይ መራቅ አለበት። ዊንቸስተር 39 ገደማ ነው፣ አይሆንም። ሻርሎትስቪል 56 ገደማ ነው፣ ይሆናል። ሌላው ወጥመድ ማይሉ ራሱ ነው። ስልካችሁ ካርታ ላይ የሚያሳያችሁ የመኪናውን ማይል ነው፤ 50 ኖቲካል በዚያ ሲለካ 57.5 ይሆናል። 53 አይቶ የተነሳ ሰው ጎድሎበታል።

ደስ የሚለው፣ መፍትሄው ሁልጊዜ ድጋሚ መብረር አይደለም። ርቀቱ የሚለካው ከመጀመሪያው መነሻ ነው። አንድ ማረፊያ ብቻ ከ50 ካለፈ፣ መሀል ላይ ቅርብ ቦታ ብታርፉም ጉዞው በሙሉ ይገባል። ስለዚህ የቆዩ መስመሮቻችሁን ስካይቬክተር በሚባለው የበረራ ካርታ ድረ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ለኩ። የተረሳ ሰዓት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ለፈቃዱ የሚጠየቀው ረጅሙ የሶሎ ጉዞ የራሱ ጣጣ አለው፦ በጠቅላላው 150 ኖቲካል ማይል፣ ሦስት ቦታ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ማረፍ፣ ቢያንስ አንዱ ክፍል ከ50 በላይ። ከማናሳስ ሻርሎትስቪል፣ ከዚያ ዊንቸስተር፣ ከዚያ ማናሳስ 157 ገደማ ይወጣል። ግን ዊንቸስተር ላይ መሬቱን ነክታችሁ ብቻ ከተነሳችሁ አልተሟላም። አስተያየት መስጫው ላይ ሙሉ ማቆም መሆኑን ጻፉ፣ የኤርፖርቶቹንም ኮድ በሙሉ አስቀምጡ። «ማናሳስ ደርሶ መልስ» የሚል መስመር ለፈታኙ ምንም አይነግረውም።

የሌሊት ሰዓቱ ይጎድላል

ጀምበር ጠለቀች ማለት ለሎግቡክ መሸ ማለት አይደለም። የሌሊት ሰዓት የሚጀምረው ሲቪል ትዋይላይት የሚባለው ድንግዝግዝ ሲያበቃ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከጀምበር መጥለቅ አንድ ሰዓት በኋላ የሚለው ደንብ ሰው ለመጫን ነው፤ ለአሁኑ እርሱት። ለፈቃዱ የሚጠየቁት አስሩ የሌሊት ማረፊያዎች ሁሉም ቆሞ ማረፍ መሆን አለባቸው።

የኢንስትራክተሩ ፊርማ የለም

ኢንስትራክተሮች ሰዓት ሞልተው አየር መንገድ ይገባሉ፣ ፊርማቸውም አብሯቸው ይሄዳል። አዲሱ ኢንስትራክተር ያላስተማረውን ትምህርት ሊፈርምላችሁ አይችልም፤ አትጠይቁት። የድሮውን ፈልጉት። ካልተገኘ ያንን ትምህርት ድጋሚ ከመብረር ሌላ የሚያዋጣ መንገድ የለም። ከእንግዲህ ግን ሳታስፈርሙ ከአውሮፕላኑ አትራቁ።

ቀኑ የተገለበጠ ይመስላል

እኛ ቀኑን አስቀድመን እንጽፋለን፣ አሜሪካኖች ወሩን። 04/05 ሚያዝያ ነው ወይስ ግንቦት? ለፈተና መዘጋጃ የሚጠየቀው የ3 ሰዓት ትምህርት ከፈተናው ወር በፊት ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ መሆን ስላለበት ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ።

ስህተት ስታርሙ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ፣ አጭር ፊርማችሁን አስቀምጡ። በነጭ ቀለም መሸፈን ጥርጣሬ ይጠራል። ኢንስትራክተር የፈረመበት መስመር ከሆነ እሱው ፊት ይታረም። ሎግቡክ ላይ ሆነ ብሎ የሐሰት ሰዓት መጻፍ ፈቃድ ያሳጣል፤ ማረም ግን የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ኢያክራ (የፈቃድ ማመልከቻ ድረ ገጽ) ላይ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ጨርሱ፣ እዚያ የምታስገቡት ቁጥር ከሎግቡኩ ጋር መግጠም አለበትና።