ማውረዱን ሳትለምድ አታንሳ፦ በሞተር ጎማ ማንሳት የሚለማመዱ ልጆች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞተር እጠግናለሁ። የፊት ጎማ አንስቶ በኋላው ብቻ የመንዳት ሱስ የያዘውን ልጅ ገና ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ፤ የኋላ መብራቱ ረግፏል፣ ታርጋው ወደ ላይ ታጥፏል። "ምን ሆኖ ነው?" ስለው "ቆሞ ወድቆ ነው ጋሼ" ይለኛል። ቆሞ የወደቀ ሞተር በጎኑ ይወድቃል እንጂ በጀርባው አይወድቅም።

አታንሱ ብዬ ልመክር አልተነሳሁም። ብል የሚሰማኝ የለም፤ ሲያምርበት ማየትም ደስ ይለኛል። እየደጋገመ ወደ እኔ የሚመጣውን ስብራት ግን ጠግቤዋለሁ። አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ ከአንድ ጥፋት ነው።

ቀኝ እግር ከኋላ ፍሬን ላይ አለመኖሩ

ልጆቹ ስለ ማንሳት ይጠይቁኛል፣ ስለ ማውረድ የጠየቀኝ የለም። ስንት ጋዝ ልስጥ፣ ፍሪሲዮኑን መቼ ልልቀቅ፣ ቦክሰር ይሻላል ወይስ አፓቼ? እግርህ የት ነው ያለው ስለው ያፈጥጥብኛል። እግሩ አንድም ተንጠልጥሏል፣ አንድም ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረዋል፣ አንድም በኮንጎ ጫማ ፔዳሉ ላይ እየተንሸራተተ ነው።

የፊት ጎማ አየር ላይ ሲሆን የፊት ፍሬን ብትጨብጠው ምንም አያደርግልህም። ጋዝ መዝጋት ይረዳል፣ ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ ነው። ሞተሩ ከነአንተ ሚዛን የሚጠብቅበት ከፍታ አለ። ከዚያ በታች ከሆንክ ጋዙን ስትዘጋ አፍንጫው ይወርዳል። ከዚያ ካለፍክ ክብደቱ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ስለሚሆን ጋዝ ብትዘጋም መገልበጡ ይቀጥላል። ያን ጊዜ የሚያወርድህ የኋላ ፍሬን ብቻ ነው፤ ጎማው ሲያዝ ወደ ፊት እየሄደ የነበረው አካል በጎማው ላይ ዞሮ የፊቱን መሬት ያስይዛል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሰው ወደ ኋላ ሲወድቅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ እጁ ላይ ያለው ደግሞ መሪው ነው። መሪው ላይ ሲንጠለጠል የእጅ አንጓው ታጥፎ ጋዙን ይከፍታል። ስለዚህ መዝጋት በሚገባው ሰዓት ሙሉ ጋዝ ይሰጣል። "ሞተሩ በራሱ ጋዝ ሰጠ" ብሎ የሚምልልኝ ልጅ አይጠፋም፣ የጋዝ ገመዱን ፈትቼ አየዋለሁ፣ ደህና ነው። የሰጠው የራሱ እጅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለመደው ማውረዱ ነው። የፊቱን ከመሬት አንድ ስንዝር አንሳ፣ ወዲያው በእግርህ የኋላ ፍሬኑን ንካና አውርድ። ስንዝር፣ ንካ፣ አውርድ። አሰልቺ ነው፣ ለቪዲዮ አይሆንም፣ ጓደኞችህ ይስቁብሃል። እግርህ ሳታዝዘው መንካት እስኪለምድ ድረስ ከዚያ በላይ አትውጣ። ንካ ስልህ ርገጥ ማለቴ አይደለም፤ ከረገጥከው የፊቱ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ከመጀመርህ በፊትም የፍሬን ሸራውን አስፈትሽ። ድራም ፍሬን ሸራው ሲያልቅ ፔዳሉ ብዙ ይሰምጣል፤ አንተ ስትፈልገው ገና መንገድ ላይ ነው። በፍሬኑ ዘንግ ጫፍ ያለችውን ዳዶ ማጥበቅ የደቂቃ ሥራ ነው።

ፍሬኑም ሳይመልሰው ካለፈ ደግሞ ልቀቀው። መሪውን ለቀህ በእግርህ ከኋላ ውረድ፤ ሞተሩ ብረት ነው፣ ይጠገናል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ታቅፈህ ከወደቅህ ከላይ የሚሆነው እሱ ነው።

የደጋን ልክ ይዞ ቆላ መውረድ

ይህን የሚያስብ ሰው ስለሌለ ትንሽ ላብራራው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 150 ሲሲ ሞተር እዚህ ለማንሳት ብዙ ጋዝና ፈጠን ያለ የፍሪሲዮን አለቃቀቅ ይፈልጋል፤ እጅህም በዚያ ልክ ይለምዳል። ከዚያ በጣርማ በር አልፈህ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ትገባለህ። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ ያው ነው፣ ማርሹ ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን የደብረ ብርሃኑ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ለሠርግ ወርዶ በሙሽራው መኪና ፊት እንደለመደው ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ የፊቱ ከጠበቀው በላይ ፈጥኖ መጣና በጀርባው አስተኛው። የአንገት አጥንቱን ሰብሮ፣ በጥቁር ሱፉ፣ ሠርጉን ሳያይ ተመለሰ። ቆላ ስትወርድ ከስንዝሯ እንደ አዲስ ጀምር። ካርቡሬተሩን ለደጋው አየር ብለህ ነዳጁን ያስቀነስክ ከሆነም ቆላ ላይ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይግላልና አስተካክል።

በክንድ መጎተት። ሞተርን የሚያነሳው ሞተሩ ራሱ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ በሩጫ ፍጥነት፣ ትንሽ ጋዝ ይዘህ ፍሪሲዮኑን በጣትህ ስበህ ስትለቅ ይነሳል። እንደ እልኸኛ በሬ መሪውን የሚጎትት ልጅ አንደኛው ክንዱ ስለሚበረታ ጎማውን ያጣምመዋል፤ ተጣምሞ የተነሳ ተጣምሞ ያርፋል። በሁለተኛ ማርሽ በፍጥነት ማንሳት የሚያምረው አንደኛውን ሲጨርስ ይምጣ።

ሰው አፈናጥጦ ማንሳት አይሆንም። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ ያ የሚዛን ከፍታ ሳታስበው ይደርሳል፣ መጀመሪያ የሚመታው ደግሞ የተፈናጠጠው ነው።

ጋቢ። ብርዱ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደያዘ አይነግርህም፣ ስለዚህ ጓንት አድርግ ወይም ፀሐይዋ ሞቅ እስክትል ጠብቅ። ጋቢ ተከናንቦ ማንሳት ግን እብደት ነው። የፊቱ ሲነሳ የጋቢው ጫፍ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ሰንሰለቱ ይጠቀልለዋል። አንዱን ጋቢ ከሰንሰለት ላይ በመቀስ ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ ባለቤቱ ከአንገቱ መጎተት ሲጀምረው ሞተሩ በመጥፋቱ ተረፈ። እናቱ የፈተሉት ነው ብሎ ቁራጩን ሰብስቦ ሄደ።

በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ኮርቻ ላይ አስሮ ማንሳት፦ ፍታው።

አረቄ ቀምሶ ማንሳት፦ አልነጋገርም።

ቦታ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አስፋልት የልምምድ ሜዳ አይደለም። ከኋላህ ሲኖትራክ አለ፣ ከፊትህ ጋሪና ጭነት የያዙ አህዮች አሉ፣ የፊቱ ሲነሳ ደግሞ አንተ የምታየው ሰማይና የራስህን መብራት ነው። ኮብልስቶን ካፊያ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ጠጠር ላይ የኋላው ይሽከረከራል። የሚሻለው ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበለ መሬት ነው፤ ዳገቱ የፊቱን ለማንሳትም ይረዳል፣ ፍጥነትህንም ይይዘዋል። ሕፃናት ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚያዩበት ቦታ ግን ምንም ቢመች አይሆንም። ሞተሩን ስትለቀው ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም፤ ልጆቹ ደግሞ ማየት ሲያምራቸው ይጠጋሉ።

የመሥሪያ ቤት ሞተር። ለቀበሌ ሥራ የተሰጠ ታርጋ ያለው ሞተር ላይ የሚለማመዱ አሉ። ሰኞ ጠዋት የሚጠይቅህ አለቃህ ነው፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም።

ዘይት ሌላው የተረሳ ነገር ነው። እነዚህ ትናንሽ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። የፊቱ ለረጅም ጊዜ ሲነሳ ዘይቱ ወደ ኋላ ይተኛና ፓምፑ የሚስበው ሊያጣ ይችላል፤ ደረጃው ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ቶሎ። የሞተሩ የላይኛው ክፍል የተበላበት ልጅ ዘይት አልቀየርኩም እንጂ ጎማ አነሳሁ አይለኝም። ከመነሳትህ በፊት ደረጃውን እይ፣ አጭር አጭር አድርገህ አንሳ።

ስታርፍ ጋዙን ሙሉ በሙሉ አትዝጋው፣ ትንሽ ይዘህ ጎማውን ቀጥ አድርገህ አሳርፍ። በየጊዜው የተደበደበ የፊት አሞርዛተር ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ቀድሞ ይሄድና ዘይት ማልቀስ ይጀምራል፤ መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታም ይበላል። ልምምድ ጨርሰህ ወደ ቤት ከመሄድህ በፊት አንድ ሰው የፊቱን አንስቶ ይያዝልህ፣ አንተ የአሞርዛተሩን የታች ጫፍ ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቅ። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። እዚያው ሳታጠብቅ የጣርማ በርን ቁልቁለት አትጀምር።