ሎግ|ሀ| ቢኤምኦ ውስጥ መሆኑን ማሳየት ላቃተው

ቢኤምኦ ማለት ውዝወዛቸው (በኢንተርቫሉ ላይ ከራሳቸው አማካይ ያላቸው ርቀት በአማካይ) በየትኛውም ኢንተርቫል ከአንድ ቋሚ ወሰን የማያልፍ ፋንክሽኖች ስብስብ ነው፤ ሎግ ስል የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው። ዜሮን የያዘ ኢንተርቫል በመጣ ቁጥር ማረጋገጫዬ ይፈርስ ነበር። ሦስት ቀን የየኢንተርቫሉን ትክክለኛ አማካይ በኢንተግራል አወጣሁ፤ ገጹ ሞላ እንጂ ወሰን አልተገኘም። በሲምፓይ (በፓይተን የአልጀብራ ላይብረሪ) ሞከርኩት፣ ባሰበት።

የሠራው አማካዩን መተው ነው። የፈለጋችሁትን ቋሚ ቁጥር ተኩበት፤ ውዝወዛው ከዚያ ቁጥር ያለው ልዩነት አማካይ ቢበዛ እጥፍ ቢሆን ነው። የኢንተርቫሉ መሃል መ፣ ራዲየሱ (የርዝመቱ ግማሽ) ረ ይሁን። |መ| ከ2ረ ከበለጠ ቋሚው ሎግ|መ|፤ ልዩነቱ ከሎግ 2 አያልፍም። ካልበለጠ ሎግ 3ረ ውሰዱ፦ ከ-3ረ እስከ 3ረ የልዩነቱ አማካይ ልክ 1 ነው፤ የእኛ ኢንተርቫል የዚያ ሲሶ ስለሆነ ቢበዛ 3። እጥፉ 6፣ አለቀ።

ለአሉታዊ ሀ የሎግ|ሀ|ን ምልክት ከገለበጣችሁ ግን ፋንክሽኑ ቢኤምኦ ውስጥ አይሆንም፤ ረ ከ1 ሲያንስ ከ-ረ እስከ ረ አማካዩ 0፣ ውዝወዛው 1 − ሎግ ረ፤ ረ ሲያንስ ማቆሚያ የለውም።