ያረጀ አልበም እንደገና እንዴት ይሰማል

ጎንደር ፒያሳ ላይ ካሴት እየቀዳሁና እየሸጥኩ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ሱቁ ከተዘጋ ቆየ፤ አንድ ልማዱ ግን ዛሬም አብሮኝ አለ። አዲስ አልበም ሲገባ ሰምቼ እጨርስና በደብተር ላይ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ቀኑን አኖራለሁ። ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ያን ደብተር ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ይሄን አልበም እዚህ ጋ ነፍስ የለውም ብለውታል፤ እዚህ ጋ ደግሞ አመስግነውታል። የቱን ልያዝ?» አለችኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ናት፤ የፈረንጆቹን 1980ዎቹ ሮክና ፖፕ ያገኘችው በስልኳ ነው። አንዱ ሂስ ያነገሠውን ሌላው ሲያወርደው እያነበበች ግራ ተጋብታለች። ለእሷ ያሳየኋትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ዘመኑን አስተካክሉ። እኛ ጋ «ሰማንያዎቹ» ሲባል ደርግ የወደቀበትና ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። የፈረንጆቹ 1980ዎቹ ግን የእኛ ሰባዎቹ ናቸው፤ የሰዓት እላፊ ዘመን። የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በኅዳር 1982 ሲወጣ እዚህ ኅዳር 1975 ነበር። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። ቀን የሚያወዛግበው እኛን ብቻ አይደለም፦ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዘ ክላሽ «ለንደን ኮሊንግ» እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በታኅሣሥ 1979 ነው፤ አሜሪካ የደረሰው በጥር 1980 ነው። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ1989 የ1980ዎቹ ምርጥ አልበም ብሎ የሾመው ይህንኑ ነው። ለንደን ለተቀመጠ ሰው ግን አልበሙ የ1970ዎቹ ነው።

ቀጥሎ፣ ሂሱን ከማንበባችሁ በፊት መቼ እንደተጻፈና ማን እንደዳኘ ፈልጉ። የፕሪንስ «ፐርፕል ሬይን» በ1984 ወጣ። ሮሊንግ ስቶን በ2003 ባወጣው የ500 አልበሞች ዝርዝር ከ70ኛ በታች ነበር፤ በ2020 8ኛ ሆነ። የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጹ ፒችፎርክ በ2002 የ1980ዎቹን ሲደረድር አንደኛ ያደረገው የሶኒክ ዩዝን «ዴይድሪም ኔሽን» ነው፤ በ2018 እንደገና ሲደረድር አንደኛው «ፐርፕል ሬይን» ሆነ። አልበሙ ላይ አንድም ኖታ አልተጨመረም። የተለወጠው ዳኛው ነው። በ2020 ሮሊንግ ስቶን ድምፅ ያሰጠው ከ300 በላይ ሙዚቀኞችን፣ ፕሮዲውሰሮችንና ሃያስያንን አዲስ ጠርቶ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አንደኛ የነበሩት ቢትልሶችም ቦታቸውን ለማርቪን ጌይ የለቀቁት በዚሁ ዝርዝር ነው። ስለዚህ «ስንተኛ ወጣ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «እነማን ፊት?» በሉ።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ከሁሉ የሚከብደው የዘመኑን ድምፅ ከዜማው መለየት ነው። በ1980 የወጣውን የፒተር ጌብርኤልን ሦስተኛ አልበም ሲቀዱ ከበሮ የመታው ፊል ኮሊንስ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ሂዩ ፓድጋም፣ ከሙዚቀኞቹ ጋር ለመነጋገር ብቻ የተሰቀለው ማይክሮፎን ከበሮውን አግዝፎ ሲያሰማ አስተዋለ። ማስተጋባቱን ከመሃል በድንገት እየቆረጡ ያን ድምፅ ሠሩበት። ኮሊንስ በ1981 በራሱ ዘፈን ሲያመጣው ዓለም ሰማው፤ ከዚያ በኋላ ያን ከበሮ ያልሞከረ ስቱዲዮ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። በ1983 ደግሞ ያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድ መጣ። ሰው ያን የከበሮና የኪቦርድ ድምፅ ሲሰለቸው አልበሞቹ አብረው ተጣሉ፤ ኋላ ወጣት ሙዚቀኞች ድምፁን ወደውት ሲመልሱት አልበሞቹም አብረው ተመለሱ። ያ ሁሉ ሲሆን ዜማዎቹ ያው ነበሩ። መለያ ዘዴዬ ይህ ነው፦ ዘፈኑን ያለ መሣሪያ አንጎራጉሩት። አንድ ጊዜ የማውቀውን አዝማሪ ከእነዚህ ዘፈኖች የአንዱን ዜማ በመሰንቆ እንዲሞክረው ለመንኩት። ከበሮውም ኪቦርዱም ወልቆ ዜማው ብቻውን ቆመ፤ እኔም ለዓመታት የጠላሁት ከበሮውን ብቻ እንደነበር ያን ማታ ገባኝ።

ልጅቷ የጠየቀችኝ አልበም ግን የፈረንጅ አይደለም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ሳለ በፈረንጆቹ 1985 ያወጣው የአኮርዲዮን ካሴት ነው፤ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን ብቻውን ተጫውቶ፣ ከበሮውን በማሽን አድርጎታል። በደብተሬ በእኛ 1978 የጻፍኩት፦ «ከበሮው የሰው እጅ የለበትም። ነፍስ የለውም።» እኔ የጠበቅሁት ዋልያስ ባንድን ነበር፤ ሙሉ ባንድ፣ ትንፋሽ መሣሪያ፣ የሆቴል አዳራሽ። በካሴቱ ውስጥ ያለውን ሳይሆን የጎደለውን ነው የዳኘሁት። በፈረንጆቹ 2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ባሕር ዳር ያገኘውን ያንኑ ካሴት አሳትሞ ለዓለም በተነው። እኔም እንደገና ሰማሁት። ያ ማሽን አይቸኩልም፣ አይደክምም፤ አኮርዲዮኑ በላዩ እንደ ልቡ ይንቀጠቀጣል፣ ይጎትታል። የሰው እጅ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ይህን ስጽፍ አፍሬበት ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነው። ፈረንጅ ስላመሰገነው ብቻ ግን አትቀበሉ፤ ቀድሞ ወድጃቸው ዛሬ ሁለተኛውን ዘፈን የማልዘልቅባቸው አልበሞችም በዚያው ደብተር ውስጥ አሉ።

አልበሙን ሙሉውን ስሙ። ሱቅ ሳለሁ ረዘም ያለ አልበም በሲ 60፣ ማለትም በስድሳ ደቂቃ ካሴት ስንቀዳ ክሩ ያልቅና የመጨረሻው ዘፈን መሃል ላይ ይቆረጥ ነበር፤ ደንበኛው ያልሰማውን መጨረሻ ይዳኛል። ዛሬ ያው ነገር በስልክ ይፈጸማል። የኬት ቡሽ «ሃውንድስ ኦቭ ላቭ» (1985) በ2003ቱ የሮሊንግ ስቶን ዝርዝር ውስጥ ጨርሶ አልነበረም፤ በ2020 68ኛ ሆነ። በ2022 የመክፈቻ ዘፈኑ በአንድ ተከታታይ ፊልም ምክንያት እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ በ1985 ከ3ኛ አላለፈም ነበር። ብዙ ወጣት እዚያ ላይ ያቆማል። ሁለተኛው ገጽ ግን ሌሊት ባሕር ላይ ብቻውን የቀረ ሰውን የሚከተል አንድ ወጥ ታሪክ ነው፤ ካሴት ገልብጦ ላልለመደ ሰው የተሰወረ።

ማዳመጫ በጆሯችሁ አድርጉ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዙን ይበላዋል። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ በምን እንደሰማችሁ፣ የትኛውን ኅትመት እንደሰማችሁ ጻፉ፤ እንደገና የታተሙት አንዳንዴ ድምፃቸው ይጮኻል። የወደዳችሁትን አንድ ነገር፣ የገፋችሁንም አንድ ነገር ጨምሩ። ከዚያ ዝጉትና ዓመት ይለፈው። ስትመለሱ መጀመሪያ ስሙ፤ የድሮውን ጽሑፍ ግለጡ ከዚያ በኋላ።

የወንድሜ ልጅ የራሷን ደብተር ገዝታለች። በጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12፣ ስለ ኬት ቡሽ ሁለተኛ ገጽ «አልገባኝም፤ ውኃው ግን ይሰማኛል» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። እኔም በራሴ ደብተር የበኩሌን ጻፍኩ፤ አላሳየኋትም። የሚመጣው ጥምቀት ታቦቱ ከፋሲለደስ መዋኛ ከተመለሰ በኋላ ሁለቱንም አብረን እንከፍታለን።