የሆፕን ክሮሞዞም በቲሹ ካልቸር እጥፍ ማድረግ

ቢራ ምሬቱንና መዓዛውን የሚያገኘው ከሴቴው የሆፕ ተክል አበባ ነው። ሆፕ በእያንዳንዱ ህዋሱ 20 ክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚ፣ አለው። ይህን 40 ማድረግ ምን ይጠቅማል? ባለ 40ው ከተለመደው ባለ 20 ጋር ሲዳቀል ባለ 30 ልጆች ይገኛሉ። እነዚህ ወንዴ ተክል አጠገባቸው ቢኖር እንኳ ዘር አይቋጥሩም ማለት ይቻላል፤ ጠማቂዎችም የሚመርጡት ዘር አልባውን አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካው ዊላሜት እንዲህ ያለ ባለ 30 ሆፕ ነው።

ሥራው የሚካሄደው በቲሹ ካልቸር ነው፤ ይህም የተክል ቁራጭን ከጀርም በጸዳ ዕቃ ውስጥ ማሳደግ ማለት ነው። መጀመሪያ ንጹህ ቡቃያ አዘጋጁ። ከጤነኛ ተክል አንጓ ያለው ለጋ ቅርንጫፍ ቁረጡ። በ70 በመቶ አልኮል ለጥቂት ሰከንድ ንከሩት፣ ከዚያ በተበረዘ በረኪና ለ10 ደቂቃ ያህል። ከጀርም በጸዳ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁትና ስኳር፣ ማዕድናትና ጥቂት ሳይቶካይኒን (ቡቃያ የሚያበዛ የተክል ሆርሞን) ባለው ሚዲያ፣ ማለትም ተክሉን በሚመግብ ውህድ፣ ላይ ትከሉት። ከዚያ እየቆራረጣችሁ አባዙ። ክሮሞዞሙን እጥፍ የሚያደርገው ኬሚካል ብዙ ስለሚገድል በርከት ያለ ቡቃያ ያስፈልጋችኋል።

ቀጥሎ ይኸው ኬሚካል፣ ኮልቺሲን፣ ይመጣል። ህዋስ ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ኮልቺሲን እነዚህ ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳል። ክሮሞዞሙ ተባዝቷል፣ ህዋሱ ግን ሳይከፈል ይቀራል። ለሆፕ ጥሩ መነሻ 0.05 በመቶ ኮልቺሲን ለ48 ሰዓት ነው። የቡቃያ ጫፎቹን በፈሳሽ ሚዲያ ውስጥ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ በሚወዘውዝ ማሽን ላይ አስቀምጡ። ዝርያው ስለሚለያይ መጠኑን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ኬሚካል ያልነካውም ለማነጻጸሪያ ይኑር።

እባካችሁ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ኮልቺሲን ገዳይ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ዱቄቱን አየር በሚስብ ካቢኔ ውስጥ መዝኑ። የተረፈውን በማጠቢያ ገንዳ አትድፉ፤ በአደገኛ ቆሻሻ ደንብ ይወገድ።

ጫፎቹን በደንብ አጥባችሁ ወደ አዲስ ሚዲያ መልሱ። ለሳምንታት ፈዘው ቢቆዩ አትደንግጡ።

ከባዱ ሥራ ገና አሁን ይጀምራል። ህዋሶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይከፈሉ ከፊሉ 20፣ ከፊሉ 40 የሆነ ድብልቅ ቡቃያ ይበዛል። ሰፊ ቅጠልና ወፍራም ግንድ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በማይክሮስኮፕ የምታዩት ትልልቅ የቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳም የሚናገረው ስለ ላይኛው ሽፋን ብቻ ነው፤ የዘር ህዋስ ደግሞ የሚመጣው ከሥሩ ካለው ሽፋን ነው። እርግጡን የሚነግራችሁ ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባለው የዲኤንኤ መጠን መለኪያ ማሽን ነው። ለጋ ቅጠል በምላጭ ተከትፎ ኒውክለሶቹ (ዲኤንኤ የያዙት የህዋስ እምብርቶች) ይቀለማሉ፣ ማሽኑም ዲኤንኤውን ይለካል። ባለ 40 ሲሆን በማሽኑ ግራፍ ላይ ከባለ 20ው እጥፍ ቦታ ላይ አንድ ጫፍ ብቻ ይታያል። በሁለቱም ቦታ ጫፍ ከታየ ድብልቅ ነው። ድብልቁን ግን አትጣሉት! በየአንጓው ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ለብቻው አሳድጉና እንደገና ለኩ። ከእሱም ሙሉ ባለ 40 ይወጣል።

የተመረጠውን ኦክሲን (ሥር የሚያስወጣ የተክል ሆርሞን) ባለው ሚዲያ ሥር አስወጡትና ወደ አፈር አዛውሩት። መጀመሪያ በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ግለጡት። ለማዳቀል ከመጠቀማችሁ በፊት ከተለያዩ ቅርንጫፎች ቅጠል ወስዳችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለኩ።