ትልቅ ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ቴፕና ስፒከር ስጠግን የምሰማው አቤቱታ ያው ነው፦ «ድምፁ አልጥምህ አለኝ፤ ትልቅ ስፒከር ልግዛ?» ቆይ። መጀመሪያ ያለህን የት እንዳስቀመጥከው ንገረኝ።

አንዱ ቡፌው ላይ፣ ሌላው ከሶፋው ጀርባ ጥግ ውስጥ ተወሽቋል። ኧረ በፈጠራችሁ! ጥግ ላይ ያለ ስፒከር ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ በግድግዳው ምክንያት ያለ ልክ ይጎላል፤ ዘፋኙ ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ሁለቱን እኩል ከፍታ ላይ አድርጉ። ትዊተሯ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ ትሁን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከእነሱ እስከ መቀመጫችሁ ካለው ጋር ይቀራረብ። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ሳቧቸው፤ ቤቱ ከጠበበ ቢያንስ ከጥጉ አውጧቸው። ይሄ ሁሉ ሳንቲም አያስወጣም። ግን ማን ሰምቶኝ! ቡፌው ለእንግዳ ይመር እንጂ ድምፁ ገደል ይግባ።

ሊሾ ወለልና ባዶ ግድግዳም ድምፁን እየመለሰ ያደበላልቀዋል። የመንዝ ባና፣ ያ ወፍራም የበግ ፀጉር ልብስ፣ ያለው ሰው ደግሞ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። አውጡና አንጥፉት፣ ወይም ግድግዳው ላይ ስቀሉት፤ የትሪብሉ፣ የቀጭኑ ድምፅ፣ ጩኸት ይበርዳል። ቤዙን ግን ባና አይችለውም።

አንድ ደንበኛ «ቤዙ ጠፋ» ብሎ ሁለቱንም ስፒከር ተሸክሞ መጣ። ደህና ናቸው። ቤቱ ሄጄ ሳይ የአንደኛው ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ ገብቷል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከተጠራጠራችሁ ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ (ከድምፅ ማጉያው) ንቀሉና ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለአፍታ አስነኩት። ፕላሱ ቀይ ላይ የሚገባውን ጫፍ ሲነካ የቤዙ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት፤ በሁለቱም።

በዋት ብዛት አትሸወዱ። ከ50 ወደ 100 ዋት ብትወጡ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው፤ ለጆሮ መጠነኛ ጭማሪ እንጂ እጥፍ ድምፅ አይደለም። ትንሽ አምፕሊፋየርን እስከ ጥግ ከፍቶ ማስጮህ ደግሞ የባሰ ነው፦ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ካልቀነሳችሁ ቀድማ የምትቃጠለው ትዊተሯ ናት።

አምፕሊፋየር ላይ ዳንቴል አታልብሱ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እዚህ ብርዱ ያተርፈው ይሆናል፤ ሞቃቱ ሸዋ ሮቢት ግን ይጠበሳል።

የኢኳላይዘሩን፣ ቤዝና ትሪብል ማስተካከያውን፣ ቁልፍ ሁሉ ወደ ላይ መግፋትስ? መሃል ላይ መልሱት። የስፒከሮቹን ቦታ ሳታስተካክሉ አትንኩት።